የዘነበች ግራ ዓይን

በድግስ ቤት ከቄሱ ቀጥሎ ምግብ የሚቀርበው ለዘነበች ነበር፤ ከሽማግሌዎቹም በፊት። እንግዳ ሰው ክብር ይመስለዋል። ክብር አይደለም። የሰፈሯ ሰው እሷ ሳትቀምስ ከጎረሰ ምግቡ አይዋጥለትም። ስለዚህ መጀመሪያ እሷ ትጎርሳለች፤ ሌላው ስትውጥ ያያል፤ ከዚያ ይበላል። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ እሷ ዞር አይልም።

ምክንያቱ ግራ ዓይኗ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ብሌኑ ነጭ ነው። ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ላይ እንደ አጓት የነጣ ነገር ተቀምጧል። በዚያ ዓይን ብርሃንና ጨለማን ትለያለች እንጂ ሌላ ምንም አታይም። ቀኙ ደህና ነው፤ ከድንች ክምር ውስጥ የበሰበሰውን ከሩቅ ትለይበታለች። ኑሮዋም በድንች ነው፤ ገሳይ ገበያ ላይ ትሸጣለች።

ቡዳ ናት ብሎ ፊት ለፊት የነገራት ሰው የለም። ስታልፍ ግን ወተት ይከደናል፣ የሚናጠው ቅል ወደ ጓዳ ይገባል፣ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ባሏ ሙላቴ ከነዓይኗ ነው ያገባት። ደግ ሰው ነበር። ቢሆንም ከተጋቡበት ቀን እስከ ሞተበት ድረስ በቀኟ በኩል እንጂ በግራዋ ተኝቶ አያውቅም።

«ለምንድን ነው?» አለችው አንድ ጊዜ።

«በዚያ በኩል ቁንጫ ይበዛል» አላት።

ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ባዩ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ገና ድክድክ የሚል። አንድ ቀን ከአጥሩ ሥር እየተንገዳገደ መጣና ቀሚሷን ይዞ ሳቀ። «እንዴት ያምራል!» አለች። እንትፍ ሳትል፣ የእግዜርን ስም ሳትጠራ፤ አፏ ቀደማት። በዚያው ሳምንት ልጁን ትኩሳት ያዘው። እናቱ አዝላው መጣች። አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ ቆማ «ልቀቂው» ነው ያለችው። «እባክሽ ልቀቂልኝ።»

ደንቡ ይታወቃል። በላች የተባለች ሰው በታመመው ላይ እንትፍ ካለችበት ይድናል ይባላል። እንትፍ ካለች አመነች ማለት ነው። እምቢ ካለች ደግሞ ገደለች። ዘነበች እንትፍ አለችበት። ባዩ አልዳነም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው ከኋላዋ የሚለውን እሷም ለራሷ ትለው ጀመር። ድንች ስትለቅምም፣ ውሃ ስትቀዳም አንድ ነገር እየተመላለሰ ይጠይቃታል። ዓይኑ ለእሷ አያይም። ታዲያ ለማን ነው የሚያየው? ስትተኛ በሻሽ ታስረው ነበር። አንዳንድ ቀን ስትነቃ ሻሹን ተፈትቶ ትራሱ ላይ ታገኘዋለች። የሚገላበጥ ሰው ሻሽ ይፈታበታል። እሷ ግን እንዲህ በሆነ ቀን ከቤት አትወጣም።

አንድ ልጅ ወለደች፤ ገነትን። ስታጠባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው ያሳደገቻት። ገነት የእናቷን ፊት የምታውቀው በግማሹ ነው።

ገነት አድጋ ሐሙሲት አጠገብ ላለ ገበሬ ተዳረች። ባሏ ፈንታሁን፣ አማቷ እቴነሽ ይባላሉ። አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ይህን የሚያፈርስ ሰው የለም። ዘነበች ማር ገዛች፣ የገንፎ እህል አስፈጨች፣ መደቡን ለቀለቀች። እቴነሽ ደወለች።

«መንገዱ ያንገላታታል» አለች። «እዚሁ ትውለድ።»

«ከሐሙሲት ገሳይ እኮ በመኪና ነው።»

«መኪናም ቢሆን ያንገላታታል።»

ሁለቱም ምን እየተባባሉ እንደሆነ ያውቃሉ። ዘነበችን የጎዳት የእቴነሽ ንግግር አልነበረም። ገነት ከእቴነሽ አጠገብ ሆና እየሰማች ዝም ማለቷ ነው።

ሴት ልጅ ተወለደች። ዘነበችን ለገንፎ የጠራት የለም። ደስታውን የሰማችው ከሐሙሲት በሚመጣ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ያን ቀን አንድ ነገር ወሰነች። ዓይኑ መውጣት አለበት።

ብዙም ሳይቆይ የጤና ጣቢያ ሰው ገበያው መሃል ቆሞ በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ደብረ ታቦር የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፤ ሞራ ያለበት ሁሉ ይምጣ። ዘነበች ያልተሸጠውን ድንች ለጎረቤቷ ትታ ተሳፈረች።

ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል።

«እኔ የመጣሁት ሚስቴን ደግሜ ላያት ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ኧረ ተዉት» አሉ ሚስታቸው። «የወደደኝ ማየት ካቆመ ወዲህ ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። ዘነበችም ልትስቅ ስትል፣ ከፊቷ ያለችው ሴት የታቀፈችውን ልጅ ወደ ሌላው ጎኗ ስታዞር አየች። ዘነበች ነጠላዋን ወደ ግራ ፊቷ ሳበች።

ሐኪሟ ማስተዋል ትባላለች፤ ከገነት ብዙም አትበልጥም።

«ምንዎን ያምዎታል እማማ?»

«አያመኝም። አውጪልኝ።»

«ምኑን?»

«ዓይኑን።»

ማስተዋል በመብራት አየችው። ዓይኑ አልታመመም አለች። የነጣው ውስጡ ያለው ሌንስ ነው፤ ብርሃን የሚያልፍበት ጥርት ያለ ነገር መሆን ነበረበት። በእርጅና የመጣም አይደለም፤ አብሯት የተወለደ ነው።

«ዓይን ማየት የሚማረው በጨቅላነት ነው» አለች። «የእርስዎ ያኔ ተዘግቶበት ስለነበር አልተማረም። አሁን ሌንሱን ብቀይርልዎትም ብዙ አያይም። ላታልልዎት አልፈልግም።»

«እኔ ምን ላድርግበት ማየቱን? ነጩ ይጥፋልኝ።»

ነጩ ሌንስ የኋላውን ስለሚጋርድ መጀመሪያ ውስጡ በአልትራሳውንድ መታየት ነበረበት። አስተኟት። ግራውን ጨፍኚ ተባለች። የዓይኗ ቆብ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡና እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ መሣሪያ አሳረፉበት። ማስተዋል ቴሌቪዥን የመሰለውን ነገር ወደ እሷ አዞረችላት። ዘነበች በቀኝ ዓይኗ የግራውን ውስጥ አየች።

«ይኸ ነጩ ሌንስ ነው። ከኋላው ያለው ጥቁር ፈሳሽ ነው፤ ንጹሕ ነው። ይቺ መስመር የዓይኑ የኋላ ግድግዳ ናት። አልተላቀቀችም። ጥሩ ነው።»

ዘነበች ጥቁሩን አተኩራ ተመለከተችው።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«የተቀመጠበት የለም?»

ማስተዋል አልሳቀችም። የዚያው አገር ልጅ ናት። «ማንም የለም እማማ» አለች። «ባዶ ነው።»

ልታጽናናት ነው ያለችው። ዘነበች ግን አልተጽናናችም። ባዶ ቤት ማን ገብቶ እንደሚወጣበት አይታወቅም።

ማስተዋል ቅባቱን እየጠረገችላት ከዘመድ እንዲህ ያለ ዓይን የነበረው ሰው እንዳለ ጠየቀች። የእናቴ ወንድም አለች ዘነበች፤ እሱ በሁለቱም ነበር፤ ዕውር ሆኖ ተወልዶ ዕውር ሆኖ ሞተ። ልጅስ? አንዲት፤ እሷ ደህና ናት። የልጅ ልጅ?

«አራስ ናት» አለች ዘነበች።

«ዓይኗን አይተውታል?»

«አላየሁትም።»

«ማን አየው?»

«ማን ያየዋል? ጨለማ ቤት ናት፤ ፊቷ ተሸፍኗል። ክርስትና እስክትነሣ ሰው አያያትም።»

ማስተዋል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ይኸ ነገር በዘር ይወርዳል» አለች። «ልጅዎን አልፎ የልጅ ልጅዎን ሊይዝ ይችላል። አለባት አልልዎትም። ካለባት ግን ቶሎ መከፈት አለበት። ክርስትናዋን እንጠብቅ ካላችሁ ዓይኗ ሳይማር ይቀራል። ብሌኗን በስልክ መብራት ከፊት ለፊት እዩት። ጥቁር ከሆነ እሰየው። ነጣ ካለ በዚያው ቀን ይዛችኋት ኑ።»

ዘነበች እዚያው ደወለች። ገነት አነሣች።

«የልጅቱ ዓይን እንዴት ነው?»

«ምን አልሽ እማዬ?»

«ብሌኗን እይው። በመብራት።»

ከጀርባ የእቴነሽ ድምፅ መጣ። «ምን አለች? ስለ ዓይኗ ነው የጠየቀች?» ስልኩ ተዘጋ። ማስተዋል በራሷ ስልክ ሞከረች። ጥሪ አይቀበልም።

«እርስዎ ራስዎ ይሂዱና ይዩዋት» አለች።

ዘነበች ሁለት ነገር ፈርታ ነበር። አንዱ ባዩ ነው። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፤ የልጅቱ ዓይን ነጭ ሆኖ ቢገኝ፣ አስቀድማ የጠየቀችው እሷ ናት፣ ያየችውም እሷ ናት። በዚያ ቤት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከሄደች ልጇን ታጣለች። ካልሄደች ልጅቱ ዓይኗን ታጣለች።

በማግሥቱ ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ፊቷን በጨርቅ ሸፍነው ግራ ዓይኗን ብቻ ክፍት ተዉት። መርፌው ካደነዘዘው በኋላ ሕመም አልነበረም። ማስተዋል ነጩን ሌንስ ፈጭታ መጠጠችው፤ በምትኩ ጥርት ያለ ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገባች። በመሃሉ ብርሃኑ ድንገት ሰፋ። በዚያ ብርሃን ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ። የሐኪሟ እጅ ሊሆን ይችላል። ለዘነበች ግን በቁመቱ ድክድክ የሚል ልጅ መሰላት። አልተነፈሰችም። እንዳትንቀሳቀሺ ተብላ ነበርና አልተንቀሳቀሰችም።

ጠዋት ፋሻው ተፈታ። መስታወት ሰጧት። ብሌኑ ጥቁር ሆኗል፤ ከቀኙ አይለይም። ያ ሰው ሁሉ የፈራው ነገር የለም። የት እንደሄደ ግን የነገራት አልነበረም።

«መልሽው» አለች።

«ምኑን?»

«ፋሻውን። ልጄ ቤት እንዲያስገቡኝ ነው።»

ማስተዋል ጥቂት አየቻትና ዓይኗን በንጹሕ ፋሻ አሸገችው።

ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃኗን በዘነበች በኩል አስቀምጣ ስታጠባ መጣች። «እግዜር ይማርሽ እናቴ» አለቻት። ዘነበች እስከ ሐሙሲት ድረስ እጇን ከጭኗ አላነሣችም።

እቴነሽ ደጅ ላይ ገብስ እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ምን ሆኑ አንቱ?»

«ዓይኔን ደብረ ታቦር ተሠራሁት።»

«አወጡት?»

«ነጩን አወጡት።»

እቴነሽ ፋሻውን በሩቁ መረመረችው። በፋሻ የታሰረ ዓይን አያይም። የመጣችው እንግዳ ደግሞ የምራቷ እናት ናት፤ ከደጅ መመለስ ለጎረቤት ወሬ ይሆናል። «እንግዲያስ ይግቡ» አለች። «ፋሻውን ግን እንዳይነኩት።»

ገነት ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ልጅቱ እንቅልፍ ላይ ናት፤ ነጠላው ተነባብሮባታል፤ አንገቷ ላይ ከስልኩ በኋላ የተሠራ አዲስ ክታብ አለ። ገነት እናቷን ስታይ ልጅቱን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ሳታስበው ነው ያደረገችው። ከዚያ አፈረችና ወደ እናቷ ዘረጋቻት።

ዘነበች ነጠላውን ገለጠች። ልጅቱ ነቃች፤ አላለቀሰችም። ዘነበች ስልኳን አበራች።

ልጅቱ ከመብራቱ አልሸሸችም። ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ፤ አንድ ቦታ አያርፉም። ብሌኖቿ ነጭ ናቸው። ሁለቱም።

ዘነበች መብራቱን አጠፋች። እስካሁን ያየ ሰው የለም። ነጠላውን መልሳ፣ ልጅቱን ስማ፣ ደህና ናት ብላ መውጣት ትችላለች። እቴነሽ ቡና ታፈላላት ነበር። በሚቀጥለው ጊዜም ታስገባት ነበር።

«ምንድን ነው እማዬ?» አለች ገነት።

«መጋረጃውን ክፈችው። እይው።»

ገነት አየች። እቴነሽ በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አየች። ከዚያ ጮኸች።

«አንቺ!» አለች። አንቱታው ቀረ። «በስልክ ስትጠይቂ ነው የበላሻት!»

«ከተወለደች ጀምሮ ነው። በዘር ነው የሚወርድ፤ ሐኪሟ…»

«የምን ዘር? የእኛ ዘር ዓይኑ ንጹሕ ነው! ትናንት ደህና ነበረች!»

«ትናንት መቼ አያችኋት? ሐኪም ጋ እንውሰዳት። ዛሬውኑ።»

«አራስ ልጅ ከቤት አታወጪም! ክርስትናዋ ይድረስ፤ ከዚያ ጠበል እወስዳታለሁ። አንቺ ግን ልቀቂያት። አሁን፣ እዚሁ፣ ልቀቂያት!»

ገነት አታለቅስም ነበር። እናቷን ነበር የምታይ። ዘነበች ያን አተያይ ታውቀዋለች፤ የባዩ እናት ደጃፏ ላይ ያየቻት እንዲሁ ነው። ያኔ ገባት። በዚህ ቤት ስለ ሌንስና ስለ ዘር የሚሰማት የለም። የሚሰሟት ቡዳዋን ብቻ ነው።

«እሺ» አለች። «እኔ ነኝ።»

«እማዬ!»

«እኔ ነኝ የበላኋት። በእንትፍ ግን አትለቅም። እዩ።» ፋሻውን ላጠችው። እቴነሽ ልጅቱን ነጥቃ ሸፈነቻት፤ ከዚያ ግን ማየቷ አልቀረም። ነጩ የለም። ጥቁር ብሌን እያያት ነው። «የእኔን አወጡት። የእሷ ነው የቀረው። ያችው ሴት፣ በዚያው እጇ፣ እዚያው ቦታ ካላወጣችው አይወጣም። ክርስትናዋን ከጠበቃችሁ እኔም ልመልሰው አልችልም። እወቂው፤ ኋላ ደጄ መጥተሽ ብትለምኚኝ አልችልም።»

እቴነሽ ፈንታሁንን ከእርሻ የሚጠራ ሰው ላከች።

በማግሥቱ ልጅቱን ደብረ ታቦር ያደረሰቻት ራሷ እቴነሽ ናት። ዘነበች በዚያ መኪና እንድትሳፈር አልተፈቀደላትም። ከደብረ ታቦር ያችው ማስተዋል ወደ ጎንደር ላከቻቸው። ለሕፃን ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚያስፈልግ ነው። እዚያም በተጨፈኑት የዓይኖቿ ቆቦች ላይ ያንኑ መሣሪያ አሳርፈው ውስጡን አዩ፤ መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ ቆይተው ሌላውን ከፈቱ። ዘነበች ይህን የሰማችው ማስተዋል ደውላ ነው። «ከኋላ ያለው ሁሉ ደህና ነው» አለች። «በጊዜዋ ነው የደረሰች። ማን እንዳሳመናቸው እንጃ፤ አያቲቱ ከበሩ አልንቀሳቀስም ብላ ነው ያደረችው።»

ወሬው ከሐሙሲት ገሳይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ድሮ ሹክሹክታ ነበር፤ አሁን በራሷ አፍ ተናግራዋለች። ድንቿን የሚገዙት አላፊ መንገደኞችና ሹፌሮች ብቻ ሆኑ። የታመመ ልጅ ያላቸው ግን ይመጡባታል፤ በጠዋት፣ ሰው ሳያያቸው፣ ልቀቂው ሊሉ። እኔ አይደለሁም አትልም። «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ትላለች። «እዚያ እለቀዋለሁ።» ይወስዱታል። አንዳንዱ ይድናል። ያልዳነም አለ። ያልዳነው ልጅ እናት በመንገድ ስታገኛት ዘነበች ከመንገዱ ትወጣላታለች።

ገነት የመጣችው ልጅቱ ቆማ መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው። የገበያ ቀን ነበር። አስፋልቱን ሳትሻገር ከማዶ ቆመች። ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ናት፤ ፊቷ አልተሸፈነም። ወፍራም መነጽር በላስቲክ ከጭንቅላቷ ጋር ታስሮላታል፤ ዓይኖቿ በመስታወቱ ውስጥ ተልቀው ይታያሉ። የሚያልፈውን ሁሉ ትከተላለች፤ አህያውን፣ ባጃጁን፣ ጆንያውን። ዘነበች ተሻገረችላቸው፤ ግን ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች።

«ሐኪሟ በዘር ነው አለችኝ» አለች ገነት። «የእኔንም በመብራት አየችው። ጥግ ላይ ነጥብ አለብሽ አለችኝ፤ የማይጎዳ።»

«እህ።»

«ታዲያ አንቺ አይደለሽማ?»

ዘነበች ልጅቱን አየቻት። «መነጽሩን ሁልጊዜ ታደርገዋለች?»

«ሳትነቃ እማማ እቴነሽ ታስርላታለች። ስትጥለው ትቆጣታለች። ቀጠሮ አሳልፋም አታውቅ፤ ዝናብ ቢሆንም፣ መኪና ቢጠፋም ጎንደር ትሄዳለች።»

«መነጽር እንዲህ ይወዳሉ እንዴ?»

ገነት መሬት መሬት አየች። «አንቺ እንዳትመለሽባት ነው። መስታወቱ ይከልላታል ትላለች።»

ከሾፌሩ ረዳት «ሐሙሲት! ሐሙሲት የቀረ!» የሚል ጩኸት መጣ። መነጽሩ ገና ለብዙ ዓመት መታሰር አለበት፤ ማስተዋል ለዘነበች ነግራታለች።

«እንግዲያስ እኔ ነኝ» አለች ዘነበች።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለእኔ ብቻ።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ። ለእሷም ንገሪያት። ሂጂ፣ መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል።»

ገነት ቆመች፤ ከዚያ ልጅቱን አጥብቃ አዝላ ሄደች። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን እስኪይዝ ዘነበች አስፋልቱ ዳር ቆየች። «እኔ ነኝ» ያለችው ውሸቷን መሆኑን ለራሷ ደጋግማ ነገረች። ራሷ ግን አላመነቻትም።